እንጉዳይና የእራፊው ልክ

ተረት ልጀምር ነው። የምትሰፉ መርፌያችሁን ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ የማትሰፉ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ስሙ። መሀል ላይ «ከዚያስ?» የሚለኝ ሰው ካለ አልቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። መጨረሻውን ቀድሞ የሚናገርብኝ ካለ ግን እሱ ይጨርሰውና እኔ ልተኛ።

በአንዲት የደጋ መንደር እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ቢሻው የሚባል የዚያው መንደር ሰው ከሩቅ አገር አግብቶ ያመጣት፣ ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ ናት። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጇ የሚመጣውም በኅዳር፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ወር ነው።

በዚያ መንደር ደግሞ የእራፊ ማኅበር የሚሉት ነገር አለ። ሴቶቹ በየቤታቸው ካረጀ ልብስ እራፊ ይቆርጣሉ። ከሱቅ የተገዛ አዲስ ጨርቅ አይሆንም፤ ሰው የለበሰው፣ ላብና ሳሙና የጠጣ መሆን አለበት። መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ይሰበሰቡና እያንዳንዷ ለሁሉም አንድ አንድ እራፊ ትሰጣለች፣ ከሁሉም አንድ አንድ ትቀበላለች። ስትሰጥም ዝም ብላ አይደለም፤ «ይሄ ባሌ ሲያጨኝ የለበሰው እጀ ጠባብ ነው»፣ «ይሄ የትልቁ ልጄ የክርስትና ልብስ ነው» እያለች ነው። እራፊዎቹ ተጋጥመው ሲሰፉ ድሪቶ ይሆናሉ፣ ድሪቶውም ብርድ ልብስ ነው። ስለዚህ በዚያ መንደር ሰው የሚተኛው የጎረቤቱን ሁሉ ልብስና ወሬ ደርቦ ነው።

እንጉዳይ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የላትም። ለልጇ ድሪቶ ትፈልጋለች። ብርዱ አለ፣ እሱን ማን ይክዳል። ከብርዱ ይልቅ የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር፤ እሷ እንግዳ ሆና እንደቆየች ልጇም እንግዳ ሆኖ እንዳይወለድ ትፈራለች። ችግሩ፣ ማኅበር ግቢ ብሎ የጠራት የለም። ሳይጠሩ መሄድ ደግሞ ነውር ነው።

«ግን» አለች ለራሷ ቅዳሜ ጠዋት፣ «የተቆረጠ እራፊ ይዞ በማኅበሩ ቤት ደጅ ማለፍ ነውር አይደለም። አይተው ከጠሩኝ ጠሩኝ።»

ማኅበሩ ነገ ነው። ነገ ካመለጣት ለከርሞ ነው፤ ልጅ ደግሞ ለከርሞ ቆይ ቢሉት አይሰማም። ከሳጥኗ አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣችና በብብቷ ሸጎጠች። ምን ጨርቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

እራፊ እንዲያው በዘፈቀደ አይቆረጥም። አንዷ በስንዝሯ ሌላዋ በመዳፏ ብትለካ ድሪቶው ይጨማደዳል። ስለዚህ ለመንደሩ ሁሉ አንድ ልክ አለ፤ አራት ማዕዘን ቁራጭ ቆዳ ነው፣ ከቤት ቤት ይዞራል። ያን ቀን ልኩ ያለው ጎረቤቷ አስካለ ዘንድ ነበር።

«አስካለ፣ ልኩን አውሺኝ፤ እራፊ ልቆርጥ ነው» አለች እንጉዳይ።

አስካለ ደስ አላት። በልቧ «አሃ፣ ማኅበሩ ጠርቷታል ማለት ነው» አለች። ዓይኗ ግን ብብቷ ላይ ነው። «ምን ጨርቅ ነው የያዝሽው?»

«ሲቆረጥ ታዪዋለሽ።»

«እኔም እኮ አልቆረጥኩም። መቀሱ እማማ ደብሬ ቤት ቀርቷል። መቀሱ ሳይመጣ ልኩን ካወጣሁ ተራዬ ያልፋል፤ ሂጂና አምጪው፣ ቆርጬ እሰጥሻለሁ።»

እንግዲህ መቀሱ ካልመጣ ልኩ አይሰጥ፣ ልኩ ካልተሰጠ እራፊው አይቆረጥ፣ እራፊው ካልተቆረጠ እንጉዳይ ማኅበር አትገባ። ሆዷን ደግፋ ወደ እማማ ደብሬ ቤት አቀናች።

እማማ ደብሬ ከመንደሩ ሁሉ ቀድመው መርፌ የያዙ ባልቴት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማማ ደብሬ፣ መቀሱን ይስጡኝ። መቀሱ ካልመጣ ልኩ አይሰጥ፣ ልኩ ካልተሰጠ እራፊው አይቆረጥ፣ እራፊው ካልተቆረጠ እኔ ማኅበር አልገባ።»

«መቀሱማ ይኸው የስፌት ቅርጫቴ ውስጥ ነው፣ ልጄ። ቅርጫቱ ውስጥ ግን ድመቷ ወልዳለች። መቀሱ ከሥሯ ነው።»

እንጉዳይ ጎንበስ ብላ አየች። ድመቷ ክሩ ላይ ተዘርግታ፣ ልጆቿን በሆዷ ደርድራ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ድመት ሆይ፣ ትንሽ ተነሺልኝ።»

«እኔ አራስ ነኝ» አለች ድመቷ። «አራስ በባዶ ሆዷ ተነሺ ይባላል? ወተት አምጪልኝና እነሳለሁ።»

«እውነቷን ነው» አሉ እማማ ደብሬ። «እኔ ስወልድ ማንም ተነሺ አላለኝም።»

ድመቷ ደግሞ አንገቷን አስግጋ በእንጉዳይ ብብት ያለውን ጨርቅ አሸተተች። «ይሄ ጨርቅ የቆየ ወተት ይሸታል። ምንድን ነው?»

«ወተትሽን ጠጥተሽ ስትነሺ ታውቂዋለሽ።»

እንግዲህ ወተት ካልመጣ ድመቷ አትነሳ፣ ድመቷ ካልተነሳች መቀሱ አይወጣ፣ መቀሱ ካልወጣ ልኩ አይሰጥ፣ ልኩ ካልተሰጠ እራፊው አይቆረጥ፣ እራፊው ካልተቆረጠ እንጉዳይ ማኅበር አትገባ። ከዚያስ? ከዚያማ ወደ አያ ጓንጉል ቤት ሄደች፤ ያን ሰሞን በመንደሩ የምትታለብ ላም ያለችው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነበር።

አያ ጓንጉል ቅል ይዘው ከላሟ ጎን ተቁለጭልጨው ቆመዋል። ቅሉ ባዶ ነው።

«አያ ጓንጉል፣ ለድመት የሚሆን ወተት ይስጡኝ። ወተት ካልመጣ ድመቷ አትነሳ፣ ድመቷ ካልተነሳች መቀሱ አይወጣ፣ መቀሱ ካልወጣ ልኩ አይሰጥ፣ ልኩ ካልተሰጠ እራፊው አይቆረጥ፣ እራፊው ካልተቆረጠ እኔ ማኅበር አልገባ።»

«እኔስ መች ጠላሁ» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ እየለመንኳት ነው። ራስሽ ጠይቂያት።»

«ቡሬ፣ ወተት ስጪኝ» አለቻት እንጉዳይ።

«ጥጃዬን ሳላይ ወተት አልለቅም» አለች ላሟ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። ጥጃዬ ይምጣና ቅሉን ሞልቼ አፈስሳለሁ።» ከዚያ ትልቁን አፍንጫዋን ወደ ጨርቁ አስጠጋችና በረጅሙ ሳበች። «ይሄ ነገር እናት እናት ይሸታል» አለች።

እንጉዳይ ጨርቁን ወደ ውስጥ ሸጎጥ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ብሎ ነበር፤ አያ ጓንጉል አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ጥጃውን ፍለጋ ወረደች። ብዙም አልሄደችም፤ ከወይዘሮ የሺመቤት ግቢ ውስጥ «እምቧ» የሚል ድምፅ ሰማች። ይህ የማኅበሩ ቤት ነው፣ ወይዘሮ የሺመቤትም የማኅበሩ እናት ናቸው። እንጉዳይ ልቧ ራደ። እራፊዋን ሳትቆርጥ፣ ባዶ እጇን፣ ሳይጠሯት እዚህ ደጅ መቆም ያለመችው ነገር አልነበረም። ግን ጥጃ ፍለጋ የመጣን ሰው ማን ይወቅሳል ብላ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች።

«ጥጃ፣ ና ወደ እናትህ። አንተ ካልመጣህ ላሟ ወተት አትሰጥ፣ ወተት ካልመጣ ድመቷ አትነሳ፣ ድመቷ ካልተነሳች መቀሱ አይወጣ፣ መቀሱ ካልወጣ ልኩ አይሰጥ፣ ልኩ ካልተሰጠ እራፊው አይቆረጥ፣ እራፊው ካልተቆረጠ እኔ ማኅበር አልገባ።»

«በምን በኩል ልምጣ?» አለ ጥጃው። «በኋላ በኩል ካቡ በተናደበት ዘልዬ ገባሁ። ቁልቁል ቀላል ነበር፤ ሽቅብ ሞከርኩ፣ አቃተኝ። በሩ ደግሞ ተዘግቷል።» በቀዳዳው አፉን አውጥቶ የጨርቁን ጫፍ አገኘና ይጠባው ጀመር።

እንጉዳይ ጨርቁን ከአፉ አስለቅቃ ከደጅ ቆማ ተጣራች። «እሜቴ የሺመቤት፣ በሩን ይክፈቱልኝ። በሩ ካልተከፈተ ጥጃው አይወጣ፣ ጥጃው ካልወጣ ላሟ ወተት አትሰጥ፣ ወተት ካልመጣ ድመቷ አትነሳ፣ ድመቷ ካልተነሳች መቀሱ አይወጣ፣ መቀሱ ካልወጣ ልኩ አይሰጥ፣ ልኩ ካልተሰጠ እራፊው አይቆረጥ፣ እራፊው ካልተቆረጠ...» እዚህ ላይ አፍራ ዝም አለች።

ከውስጥ የወይዘሮ የሺመቤት ድምፅ መጣ። «በሩን እኔ አልከፍተውም፣ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ የምቀበለው በአጥር አናት ነው።»

«ስለምን?»

«ዘንድሮ አዲስ ሰው አለና። አዲስ ሰው ባለበት ዓመት የማኅበሩን በር በዋዜማው የምትከፍተው አዲሷ ናት። እሷ ከፍታ ሳትገባ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። ወጉ ነው። እኔም ቁጭ ብዬ እየጠበቅኋት ነው። ምን ዓይነት ጨርቅ ይዛ ትመጣ ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት።»

«አዲሷ ማን ናት?» አለች እንጉዳይ።

«የቢሻው ሙሽራ ናታ። እንጉዳይ የምትባለው።»



«እሜቴ» አለች እንጉዳይ ቀስ ብላ፣ «እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ? ታዲያ ምን ያስቆምሻል?»

«አልጠሩኝማ።»

«አስካለ አልጠራችሽም? ጎረቤትሽ ናት ብዬ ለሷ ትቼው ነበር።»

ኋላ ሲጠያየቁ፣ አስካለ የማኅበሩ እናት ይጠሯታል ብላ ትታው ነበር። እማማ ደብሬ ባሏ ይነግራታል ብለው ትተውት ነበር። ቢሻው የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ሴቶቹ ይንገሯት ብሎ ትቶት ነበር። እንጉዳይም ሳይጠሩኝ አልሄድም ብላ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም ጨዋ ናቸው፤ ጨዋነታቸው ግን ጥጃ አሳስሮ ድመት አስርቧል።

እንጉዳይ ጨርቋን በግራ እጇ ያዘች፣ በቀኟ ከውጭ ያለውን መወርወሪያ ሳበች። በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ጥጃው ወጣ፣ ጥጃው ሲወጣ ላሟ ወተት ሰጠች፣ ወተቱ ሲመጣ ድመቷ ተነሳች፣ ድመቷ ስትነሳ መቀሱ ወጣ፣ መቀሱ ሲወጣ አስካለ ቆርጣ ልኩን ሰጠች። እራፊውስ? እራፊው ግን ወዲያው አልተቆረጠም። እንጉዳይ ጨርቁን ዘርግታ፣ ልኩን አስቀምጣ፣ መቀሱን ይዛ ቆየች።  ከዚያ ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያውን ቆረጠች።

በማግሥቱ ሴቶቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ተራዋ ሲደርስ እንጉዳይ ተነሳች። ነጭ፣ ብዙ ከመታጠቡ የተነሳ የሳሳ ጨርቅ ነው። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ፤ እማማ ደብሬማ ከመቀመጫቸው ሊወድቁ ነበር።

«ይሄ ማዘያ ነው» አለች። «እናቴ እኔን ያዘለችበት። ከእኔ በፊት ወንድሞቼን፣ ከእኔ በኋላ እህቴን አዝላበታለች። እናቴ አሁን የለችም። ከሷ ያለኝ ይሄው ነው።»

 ከዚያ ወይዘሮ የሺመቤት ቅር እንዳላቸው በሚያስታውቅ ድምፅ «ልጅሽን ሳታዝይበት ቆረጥሽው እንዴ?» አሉ።

«ልጄን ሁላችሁም እንድታዝሉልኝ ብዬ ነው» አለች እንጉዳይ።

 አስካለ ተነስታ እራፊዋን ለመቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ያን ዓመት፣ ሳይማከሩ፣ ሁሉም የደረሳቸውን ነጭ እራፊ ከድሪቷቸው መሀል ላይ ሰፉት።

በኅዳር ልጁ ተወለደ። ድሪቶው ደረሰለት፣ አልበረደውም። ካደገ በኋላ ደግሞ ልጅ አይደል፣ ሲጫወት ውሎ ባለበት ይተኛል፤ ዛሬ አስካለ ቤት፣ ነገ እማማ ደብሬ ዘንድ ከድመቷ ጎን። እናቱ ግን ፈልጋው አታውቅም። የትም ቤት ቢተኛ ነጯን እራፊ ለብሶ አያቱ ጀርባ ላይ ነው።

ተረቴን ቋጠርኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። መርፌያችሁን አንሱ።