ስንብት የሌለው ክር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ዳና፣ ዓይናቸውን ከሀይቁ ሳያነሱ። ከጎናቸው የተቀመጠው ሻንቆ ዓሳ አጥማጅ ነው። የድሮ የማጥመጃ ዘንጉ ተሰብሮበት አዲስ ሊገዛ ወደ ከተማ ሲነሳ፣ ገንዘቡ ለሁሉም አልበቃ ብሎት ምክር ሊጠይቅ መጥቷል። «ጠንካራውን ዘንግ ክር ከሚያጠነጥነው መዘውሩ ጋር ልግዛና ጀልባዬ እንዳለች ትቆይ፣ ወይስ ርካሹን ገዝቼ በተረፈው ጀልባዬን ላሳድስ?» ነበር ያላቸው። ሽማግሌው መልሱን በቀጥታ አልሰጡትም።

«አንድ ሰው ነበረ፤ ድሃ ዓሳ አጥማጅ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ጀልባ ነበረችው። እሱ ከኋላ ሆኖ ያጠምዳል፤ ወንድሙ ከፊት ሆኖ ይቀዝፋል። ሁለት ቤት የሚያድረው በዚያች ጀልባ ነበር።

«በዚያ ሀይቅ የአጥማጆች ደንብ አለ። በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል ክንድ የምታህል ያረጀች፣ የሳሳች ክር ይቀጥላሉ። ስንብት ይሏታል። ከጀልባዋ አቅም በላይ የሆነ ዓሳ ሲያዝ ስንብቷ ትበጠሳለች፤ ዓሳው መንጠቆውን እንደጎረሰ ይሄዳል፤ ሰዎቹም ‹ዕድሜ ይስጥህ፣ ለሰርጋችን ትመጣለህ› ብለውት እየሳቁ ይመለሳሉ። ሳቅ ስልህ ታዲያ ከሆድ አይደለም። ራት የሌለው ሰው ምን ያህል ይስቃል?

«ይህን ሰው አንድ ክረምት ትልልቁ ዓሳ ደጋግሞ አመለጠው። ልጆቹ ጎመን ብቻ ሲበሉ ከረሙ። ንዴት ገባው፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እናደድ ነበር። ያለችውን አንድ ወይፈን ሸጠና ነጋዴ ዘንድ ሄደ። ነጋዴው የሚያምር ዘንግ አወጣለት። መዘውሩ ሲዞር ድምፅ የለውም። ክሩን ደግሞ በሬ ቢስበው አይበጠስም አለው። ነጋዴው አልዋሸም። ለጀልባዋ የበሰበሰ ጎን ሳንቃ መግዣ ግን ቤሳ ቤስቲን አልተረፈም። ‹እሷ ለዘንድሮ ትበቃኛለች› አለ ሰውየው።

«ወንድሙ አዲሱን ክር አይቶ ‹ስንብቷስ?› ብሎ ጠየቀው። ‹ወይፈኔን የሸጥኩበትን ዕቃ በአሮጌ ክር ላስበጥሰው ነው እንዴ?› ብሎ ተቆጣ። በዚህም አላበቃ። ዓሳ ከእጁ እንዳይነጥቀው ፈርቶ ዘንጉን ከጀልባዋ ጋር በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ወንድሙ ታናሽ ነውና መቅዘፊያውን አነሳ።

«ትልቁ ዓሳ መንጠቆውን ጎረሰ። መዘውሩ ዞረ፣ ዞረና ክሩ አለቀ። ክሩ አልተበጠሰም። ዘንጉ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ገመዱም አልተፈታም። ጀልባዋ በበሰበሰው ጎኗ አዘነበለችና ውሃ መጠጣት ጀመረች። ‹ቁረጠው! ወንድም ዓለም፣ ቁረጠው!› እያለ ወንድሙ ጮኸ። ቢላዋው በሰውየው እጅ ነበር፤ ክሩ ላይም አሳርፎታል። ቢቆርጠው የሚያጣው ክሩንና ዓሳውን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ወይፈኑ ትዝ አለው። ቆይ እስኪ፣ ትንሽ ይድከም፣ አለ በልቡ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ነበሩ።

«ሰውየው የተገለበጠችውን ጀልባ ይዞ ተረፈ። ወንድሙ አልወጣም። አዞ ያለበት ሀይቅ ነው፤ የሚቀበር እንኳ አላገኙም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የእሱ የብብቱ ወንድሙ ነበር። ዘንጉ ግን እንደታሰረ ከጀልባዋ ጋር ዳር ደረሰ፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ገበያ ቢያወጣው የሚያውቁት ሁሉ ፊታቸውን አዞሩበት። ወስዶ የወንድሙ ሚስት በራፍ ላይ አስቀመጠው። አላነሳችውም። እዚያው ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ከረመ። ዛሬም አልተሰበረም ይላሉ።»

ጋሽ ዳና ይህን ጊዜ ወደ ሻንቆ ዞሩ።

«እንግዲህ ያ ሰው አንተን ይመስላል፤ ወይፈኑም በኪስህ የያዝከው ገንዘብ ነው። ጠንካራውን ልግዛ ወይ አልከኝ። ይህ የሀብታም ጥያቄ ነው፤ ሀብታም ሁሉንም ያጠነክራል። ድሃ አንዱን ሲያጠነክር ስብራቱ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። አንተ መምረጥ የምትችለው የሚሰበረውን ነው። ርካሹን ዘንግ ግዛ፤ ቢሄድ የማታለቅስለትን። ጀልባህን ጠግን። ስንብትህን ቀጥል። ይህን ሁሉ አድርገህም ትራባለህ። ዓሳው ያመልጥሃል፤ ሀይቁም ካሻው ይወስድሃል። ከዚህ የተሻለ ነገር ቢኖረኝ አልነፍግህም ነበር። የለኝም፣ ልጄ።»

ሻንቆ አንገቱን ደፋ። ለመሄድ ሲነሳ ሽማግሌው ጠሩት።

«ከፊት ሆኖ የሚቀዝፍልህ ማን ነው?»

«ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ጋሼ።»

«አዲሱን ዘንግ ምን ላይ ልታስረው አስበህ ነበር?»

«ጀልባዋ ላይ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። «ሂድና ወንድምህን ጠይቀው። መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው።»