ደብሪቱና የተራራው ሥዕል

ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የአያቶቻችን አያቶች ገና ጡት ሳይጥሉ፣ ጉም አምባ በምትባል ደጋ ላይ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ እንጨት ለቅማ የምታድር ድሃ ነበረች።

አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ አንዲት ፈረንጅ ሴት በበቅሎ መጣች። ስሟ ኤለን ነው፤ አገሬው ግን እሌኒ አላት። ጥቁር ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ የቀለም ሣጥን ይዛ፣ ተራራችንን በወረቀት ላይ ልትሥል ነበር የመጣችው። መንገድ መሪዎቿ ብርዱን ፈርተው ጥለዋት ሄዱ። ደብሪቱ ቤቷ አስገባቻት።

የአገሩ ሹም ግራዝማች ጓንጉል ይህን ሰሙ። «አገራችንን ሥላ ለጠላት ጦር ልትሰጥ ነው። ውኃ የሚያቀብላት እንዳይኖር!» ብለው አስነገሩ። ሰው ሁሉ ፈራ። ደብሪቱ ግን ሄዳ ደጃቸው ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ቤቴ የገባች እንግዳ ናት። እሷን የሚያባርሩ ከሆነ እኔንም አብረው ያባርሩኝ» አለች።

ግራዝማች ተቆጡ። ግን እንግዳ አባረረ መባልን ፈሩና እንግዳይቱን ተዉአት።

ሁለቱ ሴቶች ወደ ተራራው ወጡ። እሌኒ ቀለሙን በውኃ እየበጠበጠች መሣል ጀመረች። በረዶ ወረደ፤ ሥዕሉ ታጠበ። እንደገና ወጡ። ጉም መጣ፤ ተራራው ጠፋ። እንደገና ወጡ። ውርጩ ውኃውን በረዶ አደረገው። ያን ጊዜ ደብሪቱ የውኃውን ቅል ጉያዋ ከትታ በገላዋ አሞቀችው። ደበሎዋንም አውልቃ ነፋሱን ከለለችላት። እጇ ደነዘዘ፤ አልወረደችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥዕሉ አለቀ።

እሌኒ ወደ አገሯ ስትመለስ ከሣለቻቸው ሥዕሎች አንዱን ትታ፣ «ደብሪቱ፣ ይሄ ያንቺ» አለች።

የግራዝማች እናት እሜቴ አልጣሽ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ከአልጋ አይወርዱም፤ ተራራውን ካዩ ዘመን አልፏል። ደብሪቱ ሥዕሉን ወስዳ ፊታቸው ዘረጋችው። አሮጊቷ በጣታቸው ዳሰሱት።

«የጅባራው ተክል! ያ ገደል! ውኃ የቀዳሁበት ምንጭ!» አሉና አለቀሱ። ግራዝማች ቆመው አዩ፤ አንገታቸውን ደፉ።

ግን ወረቀት ወረቀት ነው። ጭስ አጠቆረው፤ ክረምት አሻገተው። እሜቴ አልጣሽ «ተራራዬ ጠፋብኝ» ብለው እህል አልቀምስም አሉ። ደብሪቱ መጣች።

«እሜቴ፣ ይነሡ። ራሱን ተራራውን ያያሉ።»

«በምን እግሬ?»

«በእኔ» አለች ደብሪቱ።

አዘለቻቸውና ዳገቱን ተያያዘችው። ሰው «ትወድቂያለሽ!» አላት። ወደቀች፤ ተነሣች። ጉልበቷ ደማ፤ ወጣች። ከዳገቱ ወገብ ላይ ግራዝማች ደረሱባት። ካባቸውን ጥለው፣ ሕዝብ እያየ፣ ጎንበስ አሉ።

«በቃሽ እቴ፤ አሁን እኔ ልዘላቸው» አሉ።

እናታቸውን አዝለው ወጡ። ሦስቱም ጫፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ጉሙ ተገፈፈ። አሮጊቷ እስኪጠግቡ አዩ።

ከዚያ ወዲህ በጉም አምባ ክረምቱ ወጥቶ ተራራው ሲጠራ፣ አልጋ የያዘ ሰው ሁሉ በቃሬዛ ሳይወጣ አጨዳ አይጀመርም። ሕመምተኛው «በምን እግሬ?» ብሎ ይጠይቃል። ተሸካሚዎቹም ቃሬዛውን ብድግ እያደረጉ፣ «በደብሪቱ!» ይላሉ።