የአቶ ድንበሩ ባዶ ጆንያ

እኛ ሰፈር የሰው ደጅ ጸድቶ ሲደነቅ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። እንግዳ ሰው ምቀኝነት ይመስለዋል። አይደለም። ነገሩ የመጣው ከልብስ ሰፊው ከአቶ ድንበሩ ቤት ነው፤ ያን ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ።

በዚያ ዓመት የሰፈራችን ቆሻሻ ገደሉን ሞልቶ ወደ መንገድ መውጣት ጀመረ። የጽዳት ኮሚቴው ሰብሳቢ ልሳነወርቅ ጨነቀውና «በወር ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ቆሻሻ ያወጣ ቤት ይሸለም፣ ሌላውም ከእሱ ይማር» አለ። አጨበጨብንለት።

ቆሻሻውን በጋሪ የምትሰበስበው ትርንጎ ግን አላጨበጨበችም። እሷ የየቤቱን ጆንያ ታውቀዋለች። በዓል ሲውል አጥንቱ ይበዛል፣ በክረምት የበቆሎው ቆረቆንዳ። ልጁ ከዐረብ አገር ብር የላከለት ቤት ካርቶንና ፌስታል ያወጣል። እንግዳ ያረፈበትም ቤት ከክብደቱ ይታወቃታል።

የአቶ ድንበሩ ጆንያ ግን እንቅልፍ ነስቷት ነበር። መጀመሪያ የጨርቁ ቁርጥራጭ ቀረ፤ ዓይናቸው ደክሞ ስፌት መተዋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥሎ የድንቹ ልጣጭ ቀረ። ከዚያ የሽንኩርቱ። በመጨረሻ አመዱም ቀረ። ሁለት ጊዜ በራቸውን ብታንኳኳ «ደህና ነን፣ የሚጣል የለንም» ብለው ከውስጥ መለሱላት።

እሑድ ጠዋት ኮሚቴው የምስክር ወረቀት ይዞ ወደ አቶ ድንበሩ ቤት ሲያመራ ትርንጎ የሰብሳቢውን እጅጌ ያዘች።

«ጋሼ፣ እባክዎ መጀመሪያ እኔ ልግባ። ይሄ ቤት ደህና አይመስለኝም።»

«ምን ሆነ? ከሁሉ የጸዳው ቤት እኮ ነው!»

«እሱ ነው ያስፈራኝ። አመድ እንኳ ካወጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው።»

«በይ አሁን ሥራችንን አታበላሺ» ብሏት አለፈ።

አቶ ድንበሩ በሩን ገርበብ አድርገው ክፍተቱ ላይ ቆሙ። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አለ ልሳነወርቅ። «እስቲ ዘዴዎን ለሰፈሩ ሰው ይንገሩልን።»

«ዘዴ የለንም። እንጠነቀቃለን።» ወደ ኋላቸው ገልመጥ አሉ። «በሉ እግዜር ይስጥልን። ባለቤቴ ተኝታለች።»

«ይነሡና አብረን ፎቶ እንነሣ!»

«ተኝታለች አልኩህ!»

ከውስጥ አንድ ነገር ዱብ አለ። ትርንጎ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ እኛም ተከተልን። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከአልጋው ሥር ወድቀዋል። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ በተደፋው ድስት ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ትርንጎ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ «ስኳር በውኃ! ቶሎ በሉ!» ብላ ጮኸች።

ስኳሩ ከጎረቤት መጣ። በማንኪያ ጠብ ስታደርግላቸው ከንፈራቸውን እናያለን። አልዋጡም። ደገመችላቸው። አሁንም አልዋጡም። ከስንት ቆይታ በኋላ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ፣ አቶ ድንበሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉና አለቀሱ።

«የስንቱን ልጅ የደንብ ልብስ ሰፍቼ፣ አሁን በየት አፌ ልለምን?»

ወይዘሮ የሺመቤት በኋላ ድነዋል፤ ምሳቸውንም ሰፈሩ በየተራ ያደርስላቸዋል። ያን ዕለት ግን ማን ከማን ዓይን ለዓይን ይተያይ?

ልሳነወርቅ ወረቀቱን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀርቷል። «እኔ ምን አውቄ? ጥንቃቄ መስሎኝ ነው እኮ» አለ።

ከኮሚቴው ጋር የመጡት ሽማግሌ ሐጂ ይማም ወረቀቱን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱና «አይ ልጄ» አሉት፤ «ያጣ ቤት ጥራጊም ያጣል።»