የወሰን ድንጋይ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝማ።

አንድ ሰው በማለዳ የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ፣ በአህያው ጭኖ፣ ወደ ወንድሙ ማሳ አስገባው። ውሻው አየ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ሰውየው በአባቱ አጥንት ምሎ፣ እያለቀሰ «ተበደልኩ» አለ። ሽማግሌዎቹም አብረውት አለቀሱ።

የውሻው ደም ፈላ። «አንቺ አህያ፣ ጀርባሽን የላጠው ያ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ይህ ውሸታም!»

«ቢዋሽማ ይሻል ነበር» አለች አህያይቱ። «እንባው የእውነት ነው። መንገዱን ሙሉ ለራሱ ሲያወራ ነበር፤ መጀመሪያ ያሳመነው ራሱን ነው።»

«ያ ሁሉ አእምሮ የተሰጠው ለዚህ ነው?» ብሎ ውሻው ጮኸ።

ሽማግሌዎቹ «ይህን ውሻ ዝም አሰኙልን፤ ቁም ነገር እየሰማን ነው!» አሉ። ሰውየው በአንድ እጁ እንባውን እየጠረገ በሌላው ድንጋይ አነሳ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለውሻው ስጡት።