ዓይነ ብርሌና ዓይን አፋሯ ጥሩአየሁ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራላችሁን ነገር ባለቤቲቱ ለብዙ ዘመን ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ለባሏ አልነገረችም። ለነፍስ አባቷ አልነገረችም። ወንዝ ወርዳ ለብቻዋ ውሃ ስትቀዳ፣ ለእንስራዋ እንኳ አልነገረችም። እንግዲህ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ወንዝ ወደ ሐይቅ በሚገባበት አገር፣ ጥሩአየሁ የምትባል ሴት ነበረች። የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፊደሉንም ዳዊቱንም ያስተማረው እሷን ነው። ጥሩአየሁ የተማረች ነበረች። ደግ ነበረች። ዓይን አፋርም ነበረች። ዓይን አፋርነቷ እንዴት ያለ መሰላችሁ! ምድጃዋ የጠፋ ዕለት ጎረቤት እሳት ልትጭር ትሄዳለች፤ ደጅ ላይ ቆማ፣ ቆማ፣ መጣራት አፍሯት ትመለሳለች። ከዚያ ጥሬ ቆርጥማ ትተኛለች።

በዚያው አገር ገላነህ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ገላነህ ጎበዝ ነበር። ለጋስ ነበር። ግን አፉ መዝጊያ አልነበረውም። ቀልድ ከመጣለት ለቅሶ ቤትም ይቀልዳል።

ወንዙ ከገደሉ ሥር ሲደርስ ይቆማል፤ ይጠልቃል፤ ይጠቁራል። ያን ቦታ ሰዎቹ «እናት ውሃ» ይሉታል። በእናት ውሃ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ፣ ዓይኑ እንደ ብርሌ የሚያበራ ዓሣ ይኖር ነበር። ስሙም ከዓይኑ ወጣና ዓይነ ብርሌ ተባለ።

ዓይነ ብርሌን ማጥመድ እንደ ሌላው ዓሣ አይደለም። ገላነህ ለጀማሪዎች እንዲህ እያለ ያስተምር ነበር፦

«ክርህ ጫፍ ላይ ድንጋይ እሰርና ልቀቀው። ድንጋዩ መሬት እስኪመታ ዝም። ሲመታ አንድ ክንድ ከፍ አድርገው። ከዚያ ቁጭ በል። ይኼ ዓሣ አይመነጭቅህም። እንደ መሪጌታ ልጅ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነካህና ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል!»

ሰው ሁሉ ይስቃል። ጥሩአየሁ በዚያ ስታልፍ ከሰማች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች።

እናት ውሃ ሕግ ነበራት። በመንጠቆ ካልሆነ በቀር በሌላ አይጠመድባትም። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ፣ ዓሦቹ እንቁላል ሊጥሉ ከሐይቁ ስለሚወጡ፣ እስከ መስቀል መንጠቆ ተሰቅሎ ማጥመድ ይቆማል። ዓሣ ያወጣ ሰው ለጠየቀው አይከለክልም። ከሁሉም በላይ ግን በእናት ውሃ ላይ ብርብራ አይበተንም።

ብርብራን ታውቁታላችሁ? የዛፍ ፍሬ ነው። ደቅቆ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በወራጁ ውሃ ላይ አልፎ አልፎ የሚበትን ነበር፤ ወራጅ ይዞት ይሄዳልና። የቆመ ጥልቅ ውሃ ግን የተቀበለውን አይለቅም።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ ጥሩአየሁ የሁለት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ ሲራራ ነጋዴ ነበርና ማርገዟን ሳያውቅ ሩቅ አገር ሄዷል። ማርገዟን ለማንም አልተናገረችም። እንዴት ብላ! አምሮቱ ግን አልጠበቃትም። ዓይነ ብርሌ አማራት። ስትነሳ አማራት። ስትቀመጥ አማራት። ዳዊቷን ገልጣ ስትደግም የዓሣ ሽታ ከብራናው ላይ ሸተታት።

ያገሩ ሰው፣ እርጉዝ ያማራት ከቀረባት ልጁ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ይላል። ስለዚህ ገላነህን ልትጠይቀው ሄደች። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ዓሣ ከጎኑ አጋድሞ አገኘችው።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ገላነህ?»

«ይመስገነው። ምን ፈልገሽ ነው፣ የመሪጌታ ልጅ?»

«ኧረ ምንም። እንዲያው ሰላም ልበል ብዬ።»

ተመለሰች።

በማግስቱ ደግሞ ሄደች።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ የመሪጌታ ልጅ?»

«እንስራዬን ላጥብ ብዬ።»

ገላነህ እጆቿን አየ፤ ባዶ ናቸው። «እንስራሽ ቀድሞሽ መጥቷል እንዴ?» አለና ሳቀ። እሷም ሮጣ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን፣ የሚካኤል ዋዜማ ነበር፣ ቃሉን መንገድ ሙሉ እየደጋገመች ሄደች። ደረሰች። አፏንም ከፈተች። «አያ ገላነህ፣ አንድ…» ስትል ሌሎቹ አጥማጆች መንጠቋቸውን ሊሰቅሉ ከች አሉ።

«እዩልኝማ!» አለ ገላነህ። «ይህች ልጅ ሦስት ቀን ተመላለሰች። ዓይነ ብርሌ አጭቷታል መሰለኝ!»

ሳቁባት። የጀመረችውን ሳትጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዘወር ስትል ከኋላዋ ገላነህ ለጓደኞቹ እንዲህ ሲል ሰማች፦ «እንግዲህ እስከ መስቀል ሥራ ፈታን። ከሰለቸኝስ አንድ ቁና ብርብራ እበትንና በእጄ እለቅመዋለሁ!»

ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ከጥሩአየሁ ጋር ቤቷ ገባ። አብሯት አመሸ። አብሯት አደረ።

በሚካኤል ዕለት አገሩ በሙሉ ታቦት ሊያነግሥ ወጣ። ጥሩአየሁ «አሞኛል» ብላ ቀረች። ከጓሮዋ ዛፍ የተለቀመ ብርብራ ነበራት። አንድ እፍኝ ወሰደች፤ ከወፍጮዋ ላይ በመጁ ፈጨችው። «አንድ እፍኝ ምን ያደርጋል?» አለች። «ጥልቅ ነው። ይውጠዋል።» እልልታው ከሩቅ እየተሰማ ዱቄቱን እናት ውሃ ላይ በተነችው።

ምንም አልሆነም። ውሃው ዝም አለ። ልትመለስም ፈለገች።

ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ዓይነ ብርሌ ከጥልቁ ወጣ። በጎኑ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ አያት። ዓሣውም ተናገረ፦

«አንቺ ሴት፣ የፈለግሽው ስንት ነው?»

«አንድ» አለች ጥሩአየሁ።

«እንግዲያስ ወደ ኋላዬ ተመልከቺ» አለና ሞተ።

ተመለከተች። ትልልቆቹ ወጡ። ትንንሾቹ ወጡ። ሆዳቸው በእንቁላል የተነፋ እናቶች ወጡ። ጥቁሩ ውሃ ነጣ። ጥሩአየሁ አንዱን በነጠላዋ ሥር ደብቃ ሮጠች።

ቤቷ ገብታ ዘጋች። ጠበሰችው። በላችውም። ልጆቼ፣ የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? ጣፈጣት።

መጁን ግን ከዚያ በኋላ እህል አላስነካችውም። ከመደቡ ሥር ቀበረችው።

ያን ዘመን አፈርሳታ የሚባል ልማድ ነበር። ጥፋት ሲጠፋ አገሩ በሙሉ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ሰው በሽማግሌው ጆሮ ይንሾካሾካል፤ ከማን እንደሰማው ሲጠየቅም «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ነገር አቀባዩ እንዳይታወቅ ነው።

ሰው ከበዓሉ ሲመለስ እናት ውሃን በሞቱ ዓሦች ተሸፍና ስላገኛት፣ የአገሩ ጭቃ ሹም አያ ቢተው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሰው ተራ በተራ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ቀና አለ። በመጨረሻ ተነሱና ጮኹ፦

«ወፍ፣ ገላነህ ብርብራ እበትናለሁ ሲል ሰማሁ አለች!»

«ኧረ ጎበዝ! ቀልድ እኮ ነው!» አለ ገላነህ። «ብርብራ ካለኝ በትል ጣቴን ምን አስቆሸሸኝ?»

«በበዓሉ ዕለት የት ነበርህ?»

«ቤቴ። ጠላ ቀድሞኝ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ተኝቼ ማን ያየኛል፣ ጌታዬ? ሕልሜን ለምስክር ጥሩት!»

ማንም አልሳቀም። ገላነህ ዙሪያውን አየ፤ ያኔ ነው የፈራው። አያ ቢተው ዓይናቸውን በሕዝቡ ላይ ሲያንከራትቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ የሳበችውን ሴት አዩ።

«የመሪጌታ ልጅ ውሸት አታውቅም» አሉ። «ልጄ፣ ገላነህ እንዲህ ሲል ሰምተሻል?»

ገላነህ ፊቱ በራ። «አዎ፣ እሷን ጠይቁ! ቀልዴን ታውቀዋለች» አለ።

ጥሩአየሁ ልትናገር ነበር። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ከደረቷ ተነሳ፤ ጉሮሮዋ ደረሰ፤ ምላሷ ላይ ወጣ። የአገር ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነበር። እንዲህ አለች፦

«ሰምቻለሁ።»

እውነቷን ነው። ሰምታለች። ግን ያች እውነት የውሸት ሥራ ሠራች።

የገላነህን መንጠቆ በድንጋይ ቀጠቀጡት። ክሩን በጠሱት። «እሳት እንዳይጫርለት! ውሃ እንዳይቀዳለት! ከእናት ውሃ ዳር እንዳይደርስ!» ተባለ። ከጭንጫው ኮረብታ ላይ ጎጆ ቀልሶ እንጨት ሻጭ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሲቀልድ የሰማው የለም።

ጥሩአየሁ «ልጄ ይወለድና እናገራለሁ» አለች። ልጇ ተወለደች፤ እናኑ ተባለች። «ክርስትና ትነሳና እናገራለሁ» አለች። ክርስትና ተነሳች። «ጡት ትጣልና እናገራለሁ» አለች። ጡት ጣለች። ከዚያ በኋላ ጥሩአየሁ ቀን መቅጠሯን ተወችው።

ዓሦቹስ? በየክረምቱ ከሐይቁ እስከ ወንዙ አፍ ይመጡ ነበር ይባላል። ውሃውን ያሸትቱና «የእናታችን ቤት ሞት ሞት ይላል» ብለው ይመለሳሉ። እናት ውሃ ባዶዋን ቀረች። አጥማጆቹ መንጠቋቸውን ለወስፌ አቃኑት።

እናኑ አድጋ ከእኩዮቿ ጋር የምትጫወት ሆነች። አንድ ቀን ልጆቹ መልካው ላይ የአፈርሳታ ጨዋታ ይጫወታሉ። ገላነህ እንጨት ተሸክሞ፣ ጎብጦ፣ በዚያ አለፈ። «ብርብሬው! ብርብሬው!» አሉት። እናኑ ጠጠር አንስታ ወረወረች፤ ግንባሩን አገኘችው።

ገላነህ ሸክሙን አወረደ። ደሙን በእጁ ጠረገ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የጥሩአየሁ።»

«የመሪጌታ የልጅ ልጅ! የጨዋ ልጅ ድንጋይ ይወረውራል እንዴ?»

«እናቴ መስክራብሃለች! አገር ሁሉ ያውቃል!»

ጥሩአየሁ እንስራ አዝላ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች። ገላነህ ቀና ሲል አያት።

«አትምቻት» አላት። «የሰማችውን ነው። አንቺም የሰማሽውን ነው የተናገርሽው። አልተቀየምኩሽም።»

እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ቢረግማት ይሻላት ነበር። አልተቀየምኩሽም አላት።

ማታ እራት ቀርቦ እናኑ ጠየቀች፦

«እማ፣ ዓይነ ብርሌ ይጣፍጥ ነበር?»

«ይጣፍጥ ነበር።»

«አንቺ በልተሽ ታውቂያለሽ?»

ጥሩአየሁ የልጇን ፊት አየች። ምንም ምልክት የለበትም። ጥርት ያለ፣ አምሮት ያልነካው ፊት ነው።

«አንቺም በልተሻል» አለቻት።

«እኔ? መቼ?»

ጥሩአየሁ ተነስታ የመደቡን ሥር ትቆፍር ጀመር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ ጥሩአየሁን ዋርካው ሥር ቆማ አገኛት። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ድንጋዩም የወፍጮ መጅ ነው። በእጇ በገል ላይ ፍም ይዛለች። ነጠላዋ ከፊቷ ላይ ወርዷል።

«ብርብራውን የፈጨሁት በዚህ ነው» አለች። «ዓሣ አምሮኝ፣ ስጡኝ ማለት አፍሬ ነው። ጥልቅ ነው፣ ይውጠዋል ብዬ ነበር። ውሃውም አልዋጠው። ሆዴም አልዋጠው።»

አያ ቢተው አርጅተዋል፤ በሁለት ሰው ተደግፈው ቆሙ። ጥሩአየሁ ግን ፍርድ አልጠበቀችም። ወደ ጭንጫው መውጣት ጀመረች። እናኑ ተከተለቻት። ሕዝቡም ተከተላት።

ልጆቼ፣ ምክሬን ካሁኑ ያዙ፤ ኋላ ማለቂያው ላይ አልመለስበትም። ለመለመን ያፈረ አፍ ለመናዘዝ ሲያፍር ይኖራል። ወራጅ ውሃ ይረሳል፤ የቆመ ውሃ ይይዛል፤ ሰውም ከያዘው ነገር ይጠጣል።

ጥሩአየሁ ከጎጆው ደጃፍ ደረሰች። መጁ አንገቷን ተጭኗታል፤ ፍሙ ገሉን አልፎ ጣቷን ይፈጃታል። በዚያ ደጅ ላይ ከስንት ዘመን ወዲህ የሰው ድምፅ አልተሰማም። ጎረቤት እሳት ልትጭር ሄዳ መጣራት ያቃታት ሴት፣ ያን ጥዋት፣ አገር ሁሉ ከኋላዋ ቆሞ እየሰማ፣

«አያ ገላነህ! እሳት አምጥቼልዎታለሁ!» ብላ ተጣራች።

መልስ የለም።

ደግማ ተጣራች። መልስ የለም።

ሦስተኛውን ስትጣራ በሩ ገርበብ አለ። ገላነህ ግንባሩ ላይ ትናንት የደረቀ ደም እንዳለ ብቅ አለ። እሳቱን አየ። መጁን አየ። ሁሉም ገባው፤ መቃኑን ያዘ።

«ለአንድ ዓሣ?» አለ።

«ለአንድ ዓሣ» አለች።

«ያን ጊዜ ብትጠይቂኝ እኮ ሁለት እሰጥሽ ነበር፣ ጥሩአየሁ።»

እሷም መጁን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ ጎንበስ ብላ ገባች፤ የቀዘቀዘውን ምድጃ አመድ በእጇ ጠረገችና እሳቱን አያያዘችለት።