የአምናው ገበጣ

ና ምናሉ፣ ወደዚህ ጠጋ በል፤ እዚያ በሩ ሥር ወጨፎው ይመታሃል። ሐምሌ ነው፣ መብራቱም ሄዷል፣ የጨዋታ ቤትህም ተዘግቷል። መቼም እኔን የምትሰማው መብራት ሲጠፋ ነው። ጠዋት የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «እማምዬ፣ አዲስ አዲስ ጨዋታ ባመጣላቸው ልጆቹ ዞር ብለው አያዩትም፤ ያንኑ የጌም ኳስ ነው የሚሉኝ። በየዓመቱ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር እየተቀየረ ይወጣል፣ በየዓመቱም ዓለም ሁሉ ይገዛዋል። ሰው አንድን ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚገዛው?» ነው ያልኸኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ማሽንህንም አላውቀውም። የማውቀውን ልንገርህ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበጣ ጠራቢ ነበር። ከዋንዛ ግንድ ይቆርጥና ጠጠሩ የሚዞርባቸውን ጉድጓዶች አሥር አሥር እያደረገ በሁለት ረድፍ በመሮ ይፈለፍላል፣ ቅባት ያጠጣዋል፣ አዝመራ ሲገባ ገበያ ያወጣዋል። እሱ ራሱ ግን ገበጣ አይጫወትም። ጠላ ጠማቂ ሆና ጠላ እንደማትቀምስ ሴት በለው። ከአባቱ የተማረው መፈልፈሉን ብቻ ነው።

በየዓመቱ ይሸጥለታል፤ የሚገዙትም በየዓመቱ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ከሁሉ ፊት የሚመጣ አንድ ገበሬ ነበረ። ገበያው ሳይሞላ ይደርስና ገበጣውን አገላብጦ «ዘንድሮስ ምን አደረግህበት?» ይለዋል። ጠራቢው ብዙም አያደርግበት። አንድ ዓመት ጫፉን ያሾለዋል፣ አንድ ዓመት እጀታ ያወጣለታል፣ አንድ ዓመት ዳር ዳሩን በጋለ ብረት ይጠብሰዋል። ገበሬው ያንን አይቶ ፊቱ ይፈታል፣ ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ልብ በል፣ ዋንዛ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም። አንድ ገበጣ አያትንም የልጅ ልጅንም ያጫውታል። ታዲያ ይህ ሰው ያን ሁሉ ገበጣ ምን ያደርገዋል? ጠራቢው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም። ተሸጦለት ለምን ይጠይቅ።

አንድ ቀን አንድ ሀብታም በበቅሎ ሲያልፍ አየውና ቆመ። «አንተ ሰው፣ አሁንም ያችኑ ነህ? አባትህም ይችኑ ሲፈለፍል ሞተ። አገሬው ሞኝ ሆኖ ነው እንጂ አንድ ዕቃ ደጋግሞ የሚገዛ የት አለ? የነቃ ለት አለቀልህ» አለው።

ያች ቃል ገባችበት። ከሁለት በሬው አንዱን ሰጥቶ ትልቅ የዋንዛ ግንድ ለወጠ። ሚስቱ «በሰኔ በምን ልታርስ ነው?» ብትለው፣ «ሲሸጥ በሬው ይመለሳል» አላት። ካልተሸጠ መሬቱ ጦሙን ያድራል፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

ከዚያ ማንም ያላየውን ዓይነት ብዙ ገበጣ ሠራ። ጉድጓዱ አርባ፣ ረድፉ አራት፣ በየማዕዘኑ የአንበሳ ራስ። ገበያ ሲያወጣው ሰው ግር ብሎ ከበበው። «እጅህ ይባረክ» ይላሉ፣ ይዳብሱታል፣ ይሄዳሉ። ያ ገበሬም መጣ። አገላበጠ፣ አገላበጠና «ጠጠሩ በየት በኩል ነው የሚዞረው?» አለ። ጠራቢው ምኑን ያውቃል። «ደስ እንዳለህ አዙረው» አለው። ገበሬው የሌላ ሰው ልጅ እንደታቀፈ ሰው ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠውና ባዶ እጁን ሄደ። አንድ ብቻ ተሸጠ፤ የገዛውም ያው ባለበቅሎው ሀብታም ነው።

ጠራቢው ቤቱ ገብቶ ሲያስብ፣ «ለምን አልገዙኝም?» አላለም። የከነከነው ሌላ ነው። «ድሮስ ለምን ነበር የሚገዙኝ?» አለ። በማግስቱ መሮውን በጉያው እንደያዘ ተነሥቶ ገበሬው ቤት ሄደ።

የገበሬው ሚስት በሩ ላይ ተቀበለችው። «ይግቡ፣ ይግቡ፤ የቤታችን እኩሌታ የእርስዎ እጅ ሥራ ነው» አለችው። እውነቷን ነው። በአንዱ ገበጣ ጨው ተቀምጧል፣ በአንዱ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጣሉ፣ አንዱ በር ደግፏል። ከመደቡ ላይ ገበሬውና ጎረቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው የአምናው ገበጣ ባዶውን አለ።

«ምን ሆነው ነው?» አላት በቀስታ።

«ባለቤቴ አምና በዚህ ተረታ። ‹ሁለተኛ በዚህ ገበጣ አልጫወትም› ብሎ ማለ። ልማዱ ነው፤ ይረታል፣ ይምላል፣ አዲስ ይገዛል። ዘንድሮ ሳይገዛ መጣ፣ ይኸው ተፋጠው ዋሉ» አለችው።

ጎረቤቱ «አንዱን ይዘህ ብትመጣ ምን ነበረበት? እጄ እኮ ዛገ» አለ።

«ምኑን ልያዝ? አርባ ጉድጓድ ያለው ነገር ነው ያወጣው። እሱን ስማር ዕድሜዬ ያልቃል፤ አንተን የምረታህ መቼ ነው?»

«በአርባውም አትረታኝ፣ አታስብ።»

«በአሮጌው መሐላ አለብኝ።»

ጠራቢው የአምናውን ገበጣ አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ፣ መሮውን ከጉያው አወጣ፣ ከዳሩ ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረ፤ የተበላ ጠጠር የሚጠራቀምባት። ፍቅፋቂውን እፍ አለና መልሶ መሀላቸው አስቀመጠው።

ገበሬው ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱን ከተተባት። «እንግዲህ ይህ ሌላ ገበጣ ነው» አለ።

ጎረቤቱ ጠጠሮቹን ከኪሱ አወጣ። አየህ፣ ለካ ይዟቸው ነበር የመጣው።

ጨዋታው ተጀመረ። እጃቸው ሳያስቡት ይሮጣል፤ ስድቡ፣ ሳቁ፣ «አንተ ሌባ»ው። ጠራቢው እጁ የፈለፈለውን ገበጣ ሰው ሲጫወትበት ያየው ገና ያን ቀን ነው፤ የቀረበለት ቡና ቀዘቀዘበት። ሲመሽ ገበሬው ተረታ። ብድግ ብሎ «ይህች ጉድጓድ አለቅጥ ጠልቃለች፤ ጠጠሬን የበላችው እሷ ናት። ለከርሞ አዲስ ይውጣና እንተያያለን» አለ።

ጠራቢው ሳቀ። ቤቱ ሄዶ የቀሩትን ባለአርባ ጉድጓድ ገበጣዎች በመጋዝ ለሁለት ለሁለት ከፈላቸው። እያንዳንዱ ባለ ሁለት ረድፍ ሆነ፣ ሁለት ሁለት አንበሳም ደረሰው። ዳሩ ላይ ያችን ትንሽ ጉድጓድ ጨመረበት። «ባለአንበሳው ወጣ» ተባለና ተሻሙበት።

በሰኔ መሬቱ ታረሰ። ቀንደ ሰባራ በሬ ነው ያገኘው፣ ግን ታረሰ። ሀብታሙ ባለአርባ ጉድጓዱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል፣ አንድም ሰው አውርዶ አልተጫወተበትም። ጠራቢው አርጅቶ ሲሞት መሮውን ሴት ልጁ ወረሰችው፤ እሷ ጨዋታውንም ታውቅ ነበር፣ በየዓመቱም አንዲት ነገር ብቻ ትጨምራለች። ገበሬው ስንት ዓመት ሲረታ ኖሮ አንድ ዓመት ቀናውና ጎረቤቱን ረታ። በከርሞው ገበያው ሳይሞላ መጥቶ «ዘንድሮስ ምን አደረግሽበት?» ያለው ጎረቤቱ ነበር።

አየህ ምናሉ፣ ያንተም ኳስ እንዲሁ ነው። ሰው እንጨቱን አይደለም የሚገዛው። እጁ የለመደውን ከቀየርህበት ከባላንጣው ትለየዋለህ፤ ምንም ካልጨመርህለት ደግሞ «እንደገና እንግጠም» የሚልበት አፍ ያጣል። ቁጥሩን የሚቀይሩት እነዚያ ሰዎችም ይህን ሳያውቁ አይቀሩም፤ በዓመት በዓመት አንዲት ጉድጓድ ነው የሚቆፍሩላችሁ። ደግሞ አንተ ምን ሆነህ ነው እኔን የምትጠይቀኝ? ትናንት የመካኒኩ ልጅ ሲረታህ እዚህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «አዲሱ ይውጣ ብቻ፣ ያን ጊዜ እንተያያለን» ነው ያልኸው።