የጨፌ ሰፈር ተነሺዎች

ተረቴ ደጅ ቆማለች።

«ትግባ! ቦታ አናጣላትም።»

እንዲያ ከሆነ ጠጋ ጠጋ በሉላት።

ድሮ፣ አውሬና ዕቃ፣ ውሃና ድንጋይ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ አንዲት ከተማ ነበረች። በከተማዋና በተራራው መካከል አንድ ጨፌ ነበር። በሩቁ ያየው ሁሉ ጭቃና ሣር ይለዋል፤ ውስጡ የሚኖሩት ግን ሰፈር ይሉታል። እመት እንቁራሪት እዚያ ተወልዳ፣ እዚያ ተድራ፣ እዚያው ወልዳለች። ጎረቤቶቿ ቀንድ አውጣና ሽመላ ነበሩ። ሽመላ የእንቁራሪት ሥጋ ቢወድም የጎረቤቱን አይነካም። የሰፈሩ ደንብ ነው።

ክረምት በገባ ቁጥር አያ ጎርፍ ከተራራው እየፎከረ ይወርድና ከጨፌው ደጃፍ ይቆማል።

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!» ይላል።

«ቤት ለእንግዳ!» ትለዋለች እመት እንቁራሪት።

ሣሩ ይነጠፍለታል። ይተኛል። ቁጣው ይበርዳል። ሲነጋ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ከተማዋ በሰላም ታድራለች፤ ለምን በሰላም እንዳደረች ግን ጠይቃ አታውቅም።

የከተማዋ ሹም ጣዎስ ነበር። ጣዎስ አንድ ቀን ሩቅ አገር ሄዶ መስታወት የለበሰ ከተማ አየ። በየግድግዳው ላይ የራሱን ጭራ አየ። ሲመለስ እንቅልፍ አጣ፤ አዋጅም አስነገረ።

«የነገዋን ከተማ ዛሬ እንሠራለን! ጨፌ ሰፈርም ትነሳለች!»

እመት እንቁራሪት አዋጁን ሰማች፤ ዘለለች።

«ሰማህ ቀንድ አውጣ? እንነሳለን ተባለ! ጭቃ ስንባል ኖረን ዛሬ ቀን ወጣልን!»

«ወዴት ነው የምንነሳው?» አለ ቀንድ አውጣ፣ አንገቱን ከቤቱ አውጥቶ።

«ወደ ላይ ነዋ! ወደ ታች የተነሳ አይተህ ታውቃለህ?»

እልል አለች። ጨፌው በሙሉ አብሯት እልል አለ።

መጀመሪያ ሜትር መጣ። ቢጫ ምላሱን አውጥቶ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ላሰው።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?» አለችው እመት እንቁራሪት።

«እለካለሁ።»

«ለምን ይሆናል?»

«እኔ የመጣሁት ለመለካት ብቻ ነው» አለና ወደ ከተማዋ ዞሮ ጮኸ፤ «ባዶ ቦታ! ከዚህ እስከዚያ ባዶ ነው!»

«ባዶ? እኔስ? ልጆቼስ?»

«እናንተን የሚለካ መስመር የለኝም።» ምላሱን ሰብስቦ ሄደ።

ቀጥሎ ብሩሽ መጣ። ቀይ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የሽመላን ዛፍ ቀባ፤ ድንጋዩን ቀባ፤ ቀንድ አውጣን ሳይቀር ጀርባው ላይ ቀባው።

«ቀይ ያምርብሃል፤ ሙሽራ መሰልክ!» ብሎ ሽመላ ሳቀበት።

ቀንድ አውጣ አልሳቀም። «ምን ብለህ ነው የጻፍክብኝ?» ብሎ ብሩሹን ጠየቀው።

«እኔ የመጣሁት ለመቀባት ብቻ ነው፤ ማንበብ አልችልም።»

በመጨረሻ ዶዘር መጣ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«ተነሱ!» አለ።

«ተነስተን ቆመናል፤ እንኳን ደህና መጣህ» አለች እመት እንቁራሪት።

«ከዚህ ተነሱ ነው ያልኩት! ቦታውን ልቀቁ!»

ያን ጊዜ የቃሉ ሌላ ፊት ተገለጠ። ለካ የሚነሳው ሰፈሩ ነው፤ የሚነሳውም ከምድር ላይ ነው። ለመፈናቀላቸው እልል ብለው ነበር።

እመት እንቁራሪት ወደ ውሃው ሮጣ ተመለሰች። ጣዎስ ከዶዘሩ ኋላ በጭቃው ላይ ምንጣፍ አስነጥፎ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ልጆቼ ገና እግር አላወጡም! በምን ይነሱ?»

«ልማት ነው እኮ እመት እንቁራሪት። ልማት ትጠያለሽ?»

«እግር እስኪያወጡ ታገሰኝ።»

«የነገዋ ከተማ መጠበቅ አትችልም።»

«የነገዋ ከተማ የማን ናት ታዲያ?» ጉሮሮዋ በቁጣ አበጠ። «ነገ የሚኖሩባት እነዚህ አይደሉም? የነገውን ነዋሪ ገድለህ የነገን ከተማ ለማን ልትሰጥ ነው?»

ጣዎስ ጭራውን ዘረጋ። ባለሟሎቹ አጨበጨቡ።

«እባክህ አንተ ተው» አለችው ዶዘርን።

«እኔ የመጣሁት ቀይ የተቀባውን ለመግፋት ብቻ ነው» አለና ገፋ።

እመት እንቁራሪት ያገኘቻቸውን ልጆች ከነውሃው በአንድ ቅል ጨልፋ ወጣች። ሁሉንም አላገኘችም። የጣዎስ ባለሟሎች ሽመላን ወደ ምሥራቅ፣ ቀንድ አውጣን ወደ ምዕራብ፣ እሷን ወደ ድንጋያማው ኮረብታ መደቧቸው። ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይደርስ አድርጎ መበተን ለምን እንዳስፈለገ ያስረዳቸው የለም።

«አንተስ ዕድለኛ ነህ፤ ቤትህን ተሸክመህ ትሄዳለህ» አለ ሽመላ፣ ሲለያዩ።

«ቤቴንስ ተሸከምኩ» አለ ቀንድ አውጣ። «ጎረቤቴን በምን ልሸከመው?»

በኮረብታው ላይ ውሃ የለም። እመት እንቁራሪት ቅሉን በጥላዋ ከልላ ትውል ጀመር። ጥላዋ ትንሽ ነው፤ ፀሐይዋ ትልቅ ናት። የቅሉ ውሃ እየጎደለ ሄደ። ቁልቁል ስታይ ጨፌው ላይ ሲሚንቶ ተነጥፏል፤ ከሲሚንቶው ዳር መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሕንፃው ፊት ደግሞ ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጭ ፏፏቴ ተተክሏል። የነበረውን ውሃ አባርረው ሌላ ውሃ በቧንቧ አስመጡ። ይህን ሥራ ነው ጣዎስ «አረንጓዴ» ብሎ የመረቀው።

ክረምት ገባ። አያ ጎርፍ እንደ ልማዱ እየፎከረ ወረደ።

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!»

ሲሚንቶ መለሰለት። «እኔ አሳልፋለሁ እንጂ አላሳድርም። እለፍ!»

አያ ጎርፍ አለፈ፤ ተንደርድሮ ከመስታወቱ ደረሰ።

«አሳድሩኝ!»

«እኔ ፊት አሳያለሁ እንጂ አላሳድርም» አለ መስታወት። አያ ጎርፍ በመስታወቱ የገዛ ፊቱን አየ፤ እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም ነበር። ሰባብሮት አለፈና ከጣዎስ አዳራሽ በር ቆመ።

«አሳድሩኝ!»

«ማነው እሱ?» አለ ጣዎስ ከውስጥ።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

«እዚህ እንግዳ የሚገባው ሲጠራ ነው! ወደ መኝታህ ሂድ!»

«ሄጄ ነበር» አለ አያ ጎርፍ። «አልጋዬን የት አደረስከው?»

በሩን ገፍቶ ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፉ ላይ ተኛ፤ የተረፈው አካሉ በታችኛው ሰፈር ላይ ተዘረጋ። ጣዎስ በርሮ ጣሪያ ላይ ወጣ። የታችኛው ሰፈር አይጦች ክንፍ የላቸውም፤ ጎርፉ ከነጎሬያቸው ወሰዳቸው። አዋጁን ያስነገረው ጣዎስ ነው፤ የሞቱት አይጦች ናቸው። ይህ ይመዝገብ።

ውሃው ሲጎድል ጣዎስ ከጣሪያው ወርዶ ሸንጎ ጠራ።

«ማነው ይህን ያደረገ?»

«እኔ ለካሁ እንጂ አልቀባሁም» አለ ሜትር።

«እኔ ቀባሁ እንጂ አልገፋሁም» አለ ብሩሽ።

«እኔ ገፋሁ እንጂ አላዘዝኩም» አለ ዶዘር።

ከዚያ ሦስቱም ጣዎስን አዩት። ጣዎስም ጭራውን ሊዘረጋ ሞከረ፤ ጭቃ አጣብቆት አልተዘረጋም። ተራራው ላይ ደግሞ ሌላ ደመና እየጠቆረ ነበር። ይህን ሲያይ ወደ ድንጋያማው ኮረብታ ሮጠ።

እመት እንቁራሪት ቅሉን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እመት እንቁራሪት፣ ተነሺ እንሂድ! ጎርፉን የምታስተኚልን አንቺ ነሽ!»

«አልነሳም» አለች። «መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ።»

«ደመናው እኮ መጣ!»

«ልጆቼ እግር እስኪያወጡ አልጠበቅክም፤ እኔ ቃሌን እስክጨርስ ግን ትጠብቃለህ። ተቀመጥ።»

ጣዎስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንጣፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ብቻዬን አልመለስም» አለች። «ቀንድ አውጣ ከምዕራብ፣ ሽመላ ከምሥራቅ ይምጡ። ሲሚንቶው ይሰበር። ዶዘር የገፋውን አፈር ራሱ ይመልስ። ለአይጦቹም ዘመዶች ከፍታው ላይ ቦታ ይሰጣቸው። ከእንግዲህም ሜትር ምላሱን ከማውጣቱ በፊት አንድ የሚጠይቅ አፍ ይቅደም፤ "እዚህ ማን አለ?" ብሎ።»

«ከተማዬን ግን መሥራት አለብኝ» አለ ጣዎስ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ሥራ! ማን አትሥራ አለህ? ቤታችን ያፈሳል፣ መንገዳችን ይሰምጣል፤ ስንት የሚሠራ ነገር ነበር! ሠርተህልን ቢሆን እልልታችን እውነት ይሆን ነበር። አንተ ግን ሰፈሩን ልታድስ መጥተህ ሰፈርተኛውን ጠራረግክ።»

ደመናው አጉረመረመ። ጣዎስ «እሺ» አለ። ከልቡ ይሁን ከፍርሃቱ አይታወቅም፤ ሲሚንቶው ግን ተሰበረ።

ሽመላ በረረ፤ ቀንድ አውጣ ተጎተተ፤ ሁለቱም መጡ። የቆየው ሣር ከስንጥቁ ብቅ አለ። አያ ጎርፍ ሲደርስ ሲሦው ብቻ የተከፈተ ጨፌ አገኘ፤ እየተነጫነጨ ጠበብ ብሎ ተኛ።

እመት እንቁራሪት ከዳሩ ቆማ ቅሉን ዘነበለች። ጭላጭ ውሃ ወረደ። ከጭላጩ ጋር ጥቂት ልጆች ወረዱ፤ እየተንቀዋለሉ ከሣሩ ሥር ገቡ። ቅሉን ደጋግማ አራገፈችው። ሌላ አልወረደም።

ጣዎስ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ስንት ነበሩ?» አለ።

«እሱን» አለች እመት እንቁራሪት፣ ዞር ብላ ሳታየው፣ «ባዶ ነው ሲሉህ መጠየቅ ነበረብህ።»

ተረቴን ጨረስኩ፤ ሰሚ ለሹሙ ያድርስልኝ። የዚያች ከተማ ሽማግሎችም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላሉ፦

ጨፌን ያፈናቀለ፣ ጎርፍን በሳሎኑ ያሳድራል።